ሽቦ የታሰረባቸው ሁለት ምንሽሮች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠመንጃ የማየው በስልክ ነው። አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከቢስቲማ፣ አንዱ ደግሞ ከየት እንደሆነ እንኳ ሳይናገር ፎቶ ይልክልኛል። «ጋሽ ታደሰ፣ አያታችን የተዉልን ነው፤ ምን የሚባል ነው?» ይላል። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም አልጋ ላይ ተጋድሞ ይታያል። አንዳንዱ ከጠመንጃው ይልቅ የአልጋ ልብሱን አሳምሮ ያነሳል። መነጽሬን አድርጌ ካየሁ በኋላ የምመልሰው ያው አንድ ነው፤ «በፎቶ አይታወቅም። ጥይት እንዳታስገቡበት። ወስዳችሁ አስመርምሩት።» ብዙዎቹ ይቀየማሉ። የፈለጉት ትልቅ ስም ነበር፤ እኔ የነገርኳቸው ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ነው።

ስሙን ነግሬያቸው ብገላገል ይቀለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል የኖርኩበት ሥራ ስለሆነ አብዛኛውን በፎቶም ቢሆን አላጣውም። ግን አላደርገውም። ለምን እንደማላደርገው ለማስረዳት ከሥራዬ መጀመሪያ መነሳት አለብኝ።

የጀመርኩት በጠመንጃ አይደለም። ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ቶርኖ ላይ ነበርኩ። የተበላ ዘንግ ማስተካከል፣ የብሎን ጥርስ ማውጣት፣ ብረት መላግ ነው ሥራዬ። ደሴ የጦር መሣሪያ የሚመረምርና የሚመዘግብ ክፍል ብረት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ሲባል ተወዳደርኩና አለፍኩ። ደመወዙ ከፋብሪካው በጥቂት ብር ይበልጥ ነበር፤ የደሴ ቤት ኪራይ ሲከፈል ብልጫው ጠፋ። ብርዱን ደግሞ ማንም አልነገረኝም። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ጉም የወጣሁ ሰሞን ጠመንጃ ስነካ እጄ ከብረቱ ጋር የሚጣበቅ ይመስለኝ ነበር።

የተቀበሉኝ ሃምሳ አለቃ ይመር ናቸው። አጭር፣ ጠይም፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የውትድርና ዘመናቸውን ሁሉ መሣሪያ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው የኖሩት።

«ቶርኖ ትችላለህ አሉኝ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«አዎ፣ እችላለሁ።»

«እንግዲያው ለስድስት ወር ምንም ነገር እንዳትልግ።»

ስድስት ወር ሙሉ አልላግሁም። ጠረጴዛ ስጠርግ፣ ዘይት ስቀዳና ሳይ ከረምኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ አቡጀዴ ይነጠፋል። አቡጀዴውን በየሐሙሱ ራሳቸው ያጥቡታል፤ ለሌላ ሰው አይሰጡም። ጠመንጃ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከነኩ በኋላም ይታጠባሉ። ሲፈቱ እያንዳንዱን ብረት ከግራ ወደ ቀኝ በፈቱበት ተራ ይደረድሩታል። ሲገጥሙ ከቀኝ ይጀምራሉ። መሐል ላይ ሰው ቢያናግራቸው አይመልሱም። አዲስ አለቃ በመጣ ቁጥር ይህን ንቀት እያደረገው ይቀየም ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጥያቄያቸው ነው። ወራሽ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ብረቱን አያዩም። ሰውየውን ያስቀምጡና ይጠይቃሉ። ማን ሞተ? ምን ያድኑበት ነበር? ከሞቱ ወዲህ ማን ዘንድ ከረመ? የወሎ ገበሬ ደግሞ ስለ አባቱ ጠመንጃ ከጠየቁት ስለ አባቱ በሬ፣ ስለ አባቱ ሐጅ፣ ስለ አባቱ ጎረቤት ሳይናገር አይነሳም። ወረፋው ደጅ ድረስ ይሄዳል። ሃምሳ አለቃ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ሰውየው ጨርሶ ዝም ሲል ነው ከወንበራቸው የሚነሱት።

ጥቅሙን ቀስ በቀስ አየሁት። ሰው ጠመንጃን የሚጠራው በሚያውቀው ስም ነው። በእኛ አገር ረጅሙ ሁሉ ምንሽር፣ ያረጀው ሁሉ ውጅግራ ነው። ያደነውን ከጠየቅኸው ግን እውነቱ ይወጣል። አባቴ ቆቅና ጅግራ ይመታበት ነበር ያለ ሰው ይዞ የመጣው ምንሽር ሊሆን አይችልም፤ በትንንሽ እርሳስ የተሞላ ጥይት የሚጎርስ የወፍ መሣሪያ ነው። ማሽላ እንዳይበላ ከርከሮ ያባርርበት ነበር ካለ በአንድ እርሳስ የሚመታ ነው። ማን ዘንድ ከረመ የሚለው ደግሞ ዝገቱን ይነግርሃል። ጎተራ ውስጥ የተቀበረው አፈሙዙን ያመዋል። ጭስ ቤት ጣሪያ ሥር የተሰቀለው ደግሞ ላዩ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ እንጨቱን ከብረቱ ይለያሉ፤ የሠሪው ምልክትና ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንጨቱ በሸፈነው በኩል ነውና። ላዩ ላይ የተቀረጸውን አንበሳና ዘውድ ማንም ጠራቢ ሊቀርጸው ይችላል። እንጨቱ የሸፈነውን ለማስመሰል ግን የሚደክም የለም። ያገኙትን በእርሳስ ይጽፉና ያሳድሩታል፤ በቀለም የሚጽፉት በማግስቱ ነው።

አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ሁለቱም ነጋዴ፣ ሁለቱም የእኛው የወንጌል አማኞች፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እየዘመሩ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ነበሩ። የተጣሉት አያታቸው ዝሆን በገደሉበት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነው። ታላቅየው በኩር ነኝ ይላል፤ ታናሽየው አያቴን እስከ መጨረሻ ያስታመምኩ እኔ ነኝ ይላል። ሃምሳ አለቃ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፣ አዳመጡ፣ ፈቱ። አፈሙዙ ሥር ያለውን ቁጥርም ለእኔ አሳዩኝ። ቀጭን የወፍ መሣሪያ ነው፤ እንኳን ዝሆን ሚዳቋም በቅርብ ካልሆነች አይጥልም።

«አያታችሁ ጎበዝ የቆቅ አዳኝ ነበሩ» አሏቸው ሃምሳ አለቃ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው።

ታላቅየው ፊቱ ቀላ። ታናሽየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «በል ወንድሜ፣ ዝሆኑን ላንተ ትቼልሃለሁ» አለው። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነጋገሩ አይቻቸዋለሁ፤ ስለ ጠመንጃው ግን አይደለም።

ሃምሳ አለቃ ይመር ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ጠረጴዛው የእኔ ሆነ። አቡጀዴውን ማጠብ አልተውኩም፤ መደርደሩንም አልተውኩም። የተውኩት መጠየቁን ነው። ባንድ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ አሳጠርኩት፤ ኋላ ወረፋ ሲበዛ ዘለልኩት። አለቆቼም ወደዱት። እውነቱን ለመናገር ግን የወረፋው ብዛት ምክንያት ብቻ ነበር፤ ዋናው ነገር አውቃለሁ ማለቴ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ዓይኔን በሻሽ አስረው ጠመንጃ ያስይዙኝና በመዳሰስ ብቻ ስሙን እናገር ነበር። ያጨበጭቡልኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ዓመት ሲቀረው በሟች ስም ያለ መሣሪያ ሁሉ ወደ ወራሽ ስም ይዙር የሚል መመሪያ መጣ። ከየወረዳው ጠመንጃ ይጎርፍ ጀመር። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁጥር እንመዘግባለን፤ የአፈሙዙንና የመቀርቀሪያውን። መቀርቀሪያ የምለው ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውንና መርፌውን የያዘውን ብረት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱ አንድ ቁጥር ነው ያላቸው። ካልገጠሙ ነገር አለ ማለት ነው፤ የተሰረቀ ወይም ከሌላ የተለቃቀመ ሊሆን ስለሚችል ይጣራል።

በዚያ ሰሞን ከኩታበር ወጣ ካለ ቀበሌ ሰይድ የሚባል ገበሬ የአባቱን ምንሽር አምጥቶ ለምርመራ አስረከበ። የመቀርቀሪያው እጀታ ላይ የመዳብ ሽቦ ሦስት ዙር ተጠምጥሞበታል። ቁጥሩ አልገጠመም። መዝግቤ ለብቻው አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ኡስማን የሚባል ሰው ከወንዝ ማዶ ካለው ቀበሌ የሟች አባቱን ምንሽር አመጣ። ያም ሽቦ አለበት፤ ያም ቁጥሩ አልገጠመም። ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድሜ ሳይ የአንዱ መቀርቀሪያ ቁጥር የሌላው አፈሙዝ ቁጥር ነው፤ የዚያኛውም የዚህኛው።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው። ድሮ አንድ ጠጋኝ ሁለቱን ባንድ ላይ ሲወለውል አምታቷቸዋል አልኩ። አንድም ሰው ሳልጠይቅ ሽቦዎቹን በጉጠት ፈትቼ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ። መቀርቀሪያዎቹን ወልውዬ በየቦታቸው መለስኩ። ግጥም ብለው ገቡ። መዝገቡ ላይ «ቁጥር ተስተካክሏል» ብዬ ጽፌ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው በየተራቸው ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ አደረግሁ። ለባልደረቦቼ አወራሁላቸው፤ ለባለቤቴም እራት ላይ አወራሁላት።

ሰባት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ የቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም፤ ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ሼህ ሐሰን እባላለሁ። ከኩታበር ነው የመጣሁ፣ አበጋር ነኝ» አሉ። አበጋር በእኛ አገር ደም የሚያደርቅ፣ አስታራቂነቱን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው። «የሰይድና የኡስማን ጠመንጃ እዚህ ወርዶ ነበር አሉኝ። ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ» አልኩና ያንን የምኮራበትን ታሪክ ጀመርኩላቸው። ስንት ዘመን ተምታተው የኖሩ መቀርቀሪያዎች እንዴት እንዳገኘሁ፣ እንዴት ወደየቦታቸው እንደመለስኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አልተምታቱም ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ ያሻገርኳቸው።»

ነገሩን የነገሩኝ ያለ ቁጣ ነው። የሰይድ አባት ሙሐመድና የኡስማን አባት አህመድ የአደን ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ የመኸር ሰሞን ከርከሮ ሲያባርሩ አህመድ ማሽላው ሲነቃነቅ አይቶ ተኮሰ። የወደቀው ሙሐመድ ነው። ሼህ ሐሰን ያኔ ጎልማሳ አበጋር ነበሩ። ወራት ፈጅተው ደሙን አደረቁ። የአህመድ መቀርቀሪያ ወደ ሟች ቤት ጠመንጃ፣ የሟች መቀርቀሪያ ወደ አህመድ ጠመንጃ ገባ፤ በላዩ ላይ ሽቦ ታሰረ፣ ዱአ ተደረገ። ከሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ቢተኩስ የሚመታው በዚያው በሌላው ብረት ነው፤ ሰው በገዛ ወንድሙ እጅ ወንድሙን እንደመግደል ይሆንበታል ማለት ነው። ልጆቹ ሲደርሱ ደግሞ የሙሐመድ ልጅ ሐዋ ለአህመድ ልጅ ለኡስማን ተዳረች። ወልዳለች።

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁንማ ዘይነባ፣ የሙሐመድ ሚስት፣ ጨርቁን ስትፈታ የባሏን ብረት አየች። ሽቦው የለም። ኡስማን ቃሉን መለሰልን አለች። ኡስማንም ቤቱ ሲፈታ የአባቱን ብረት አገኘ። የሰይድ ቤት ቃሉን መለሰልን አለ። ሁለቱም ኩሩ ናቸው፣ አልተጠያየቁም። ሰይድ ሄዶ እናታችን ታማለች ብሎ እህቱን ከነልጇ አመጣት። ኡስማንም ቃላቸውን እንደመለሱ ይኸው ብሎ ሊወስዳት አልመጣም። ሰባት ወሯ። ባለፈው ገበያ ላይ ሁለቱ ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ጠመንጃዎቹ ደግሞ ከየራሳቸው ብረት ጋር ሙሉ ናቸው፣ አንተው ሙሉ አደረግሃቸው።»

አፈርኩ። ሃምሳ አለቃ ቢኖሩ ማን ሞተ ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ነገሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በሩብ ሰዓት ይወጣ ነበር። እኔ ቁጥሩን በትክክል አነበብኩ፤ ከቁጥሩ በቀር ምንም አላነበብኩም።

ለአለቃዬ ተናገርኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። መዝገቡን አስመጥተው አዩት። «ሥራህ ትክክል ነው። መመሪያው ቁጥር ይግጠም ይላል፣ አንተ አስገጥመሃል። እዚያ ሄደህ አጥፍቻለሁ ካልክ ግን መሥሪያ ቤቱ አጠፋ ማለት ነው። ሽማግሌው ይጨርሱት፤ አትሂድ» አሉ።

ቅዳሜ የእረፍት ቀኔ ስለነበር የመዝገቡን ቅጂ ኪሴ ከትቼ በሚኒባስ ኩታበር ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። የወረዳው አንድ ፖሊስ አብሮኝ ነበር። በእነ ዘይነባ አውድማ ላይ ሁለቱ ቤቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሼህ ሐሰን ሁለቱንም ጠመንጃዎች መሐል ላይ በምንጣፍ አስቀምጠዋቸዋል። ጥይት እንደሌላቸው አየሁና ተቀመጥኩ። ሐዋ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበረች፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

ተነስቼ ተናገርኩ። እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁም አታውቁም፣ ማንም ቃሉን አልመለሰም አልኩ። የመዝገቡን ቅጂ አወጣሁ። ሰይድ ማንበብ ይችላል፤ ተቀብሎ አነበበውና አጥፎ መለሰልኝ።

«አላህ ይስጥዎ ጋሼ» አለ በትሕትና። «ለማስታረቅ የተባለ ውሸት ሐራም አይደለም። ከደሴ ድረስ ደክመው መምጣትዎ ትልቅ ነገር ነው። ግን እኛ ልጆች አይደለንም።»

አላመነኝም። ኡስማንንም አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል፤ እሱም አላመነኝም። ወላሂ ብዬ እንዳልምል እምነቴ አይደለም፤ በእምነቴ ደግሞ መሐላ አንወድም። ሠላሳ ዓመት ሰው የእኔን ቃል ይዞ ሲሄድ ኖሯል። ይሄ ጠመንጃ እገሌ ነው ካልኩ ነው። እውነት በተናገርኩበት በዚያ ቀን ግን የሚሰማኝ አጣሁ፤ ደግ ሰው መሰልኳቸው።

ከሰዎቹ መሐል አንዲት አሮጊት ቀና አሉ። እትዬ ዘይነባ ናቸው።

«እስቲ ልጠይቅህ ልጄ። ሽቦውስ?»

«ጣልኩት።»

«የት?»

«ቅርጫት ውስጥ። የቆሻሻ ቅርጫት።»

ከሰው መሐል የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ። ሼህ ሐሰን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዱአ የተደረገበት ነገር ነው። እኔም ከተናገርኩ በኋላ ነው የተናገርኩት ነገር የገባኝ።

እትዬ ዘይነባ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? ሊያስታርቅ የሚዋሽ ሰው አስቀምጨዋለሁ ይላል፤ ጠፋብኝ ይላል። ቆሻሻ ላይ ጣልኩት አይልም። እውነቱን ነው።»

ሰይድ ተነሳና የኡስማንን ትከሻ ነካ። ኡስማን እጁን ሳመው። ሰው ሁሉ አልሐምዱሊላህ አለ። ሼህ ሐሰን ከኪሳቸው አዲስ የመዳብ ሽቦ አወጡና መቀርቀሪያዎቹን እንዳወጣላቸው ጠሩኝ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«አባቴ፣ ትንሽ ይጠብቁ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሐዋ ቆማለች።

«ብረቱ ሲመለስ እኔ ተመለስኩ» አለች። «አሁን ብረቱ ሲሄድ እኔም ልሄድ ነው? ሰባት ወር ሙሉ ሐዋ ምን አለች ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንተም ወንድሜ፣ እማ ታማለች ብለህ ዋሽተህ አመጣኸኝ። አንተም ኡስማን፣ ወንዝ ተሻግረህ ልጄ ደኅና ነው ወይ አላልክም። ሽቦ ነው እኮ፣ ነገም ሌላ ሰው ይፈታዋል። እኔ ሽቦ እየጠበቅሁ ልጅ አላሳድግም። ይሄ ጠመንጃ ካለበት ቤት አልገባም።»

ሴት ልጅ በአበጋር ፊት እንዲህ ስትናገር አይቼ አላውቅም። ሼህ ሐሰን ሽቦውን ጣታቸው ላይ እያዞሩ ሰሟት፤ አላስቆሟትም። ሰው ሁሉ ኡስማንን ያያል። በዚያ አገር የአባት ጠመንጃ ማስረከብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያውም ደመኛ በነበረ ቤት ፊት።

ኡስማን ተነሳ። የአባቱን ምንሽር ከምንጣፉ አነሳና በሁለት እጁ አድርጎ አመጣልኝ። «ይውሰዱት» አለ። «እኔ እምፈልጋት እሷን ነው።»

ዓይኖች ወደ ሰይድ ዞሩ። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አልሰጥም። የሞተው የእኔ አባት ነው» አለ። ማንም አልወቀሰውም። ሐዋም አልወቀሰችውም፤ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ባሏ አሁን ባዶ እጁን ነው፤ የወንድሟ ጠመንጃ ከነመቀርቀሪያው ሙሉ ነው። ወደ የትኛው ቤት እንደምትሄድ እንኳን እኛ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ምርኩዛቸውን አስቀምጠው ምንጣፉ ዘንድ መጥተው ተንበረከኩ። የባላቸውን ምንሽር ጭናቸው ላይ አጋደሙት። በአንድ እጃቸው ቃታውን ይዘው በሌላው መቀርቀሪያውን ሳቡት፤ ሳያዩ፣ ባንድ ጊዜ፣ ሳይንገጫገጭ ወጣ። እኔ ያንን ለመልመድ ስንት ወር ፈጅቶብኛል።

«እማ!» አለ ሰይድ።

«ይሄን ዘመን ሁሉ የወለወልኩት እኔ ነኝ» አሉት። «ጠመንጃውን አልነካብህም፣ ያባትህ ነው። ይሄ ግን የባሌ ነው።»

ሄደው ለሐዋ ሰጧት። «አንቺ ጋር ይኑር። ላባትሽ ልጅም ላማትሽ ልጅም እንዳትሰጭ። የሚፈልገው ቢኖር አንቺን ይጠይቅ።»

ሐዋ ብረቱን አገላብጣ አየችው። በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ከልጇ ጋር አንቀልባው ውስጥ አስገባችው፤ ልጁ ትንሽ ተነጫነጨና ተመልሶ ተኛ። ሼህ ሐሰን ሽቦውን ወደ ኪሳቸው መልሰው እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን፤ እኔም ዘረጋሁ። ከዱአው በኋላ ሐዋና ኡስማን የወንዙን መንገድ ይዘው ወረዱ።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ሁለት ቅጽ ሞላሁ። የኡስማን ቀላል ነበር፤ በፈቃድ የተመለሰ የአደን ጠመንጃ ነው። የሰይድ ላይ የአፈሙዝ ቁጥር ጻፍኩ። የመቀርቀሪያ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከአፈሙዙ ጋር አንድ ነው፣ ብጽፈው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። «ሐዋ ሙሐመድ ዘንድ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩና ወደ አለቃዬ ክፍል ወሰድኩት። አንብበው ቀና ብለው አዩኝ፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡና ፈረሙበት።